ሁለቴ የተጨመቀ ዩዙ

ሃትሱሚ ሾዞን አግብታ ወደ ቤቱ ስትገባ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። የመጣችው ከወንዙ ማዶ፣ ከሁለት ተራራ ወዲያ፣ ዝግባ እየቆረጡ ከሚኖሩ ሰዎች ቤት ነው። እዚያ ቤት ስም ነበራት። እዚህ ግን አማቷ ኡሜኖ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ "ሙሽሪት፣ ውሃው ፈልቷል እኮ" አለቻት፤ ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እስክትሞት ድረስ፣ በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም። ጎረቤቱም ለመደው። "የኡሜኖ ሙሽራ ገበያ ወጣች፣ የኡሜኖ ሙሽራ አተር ዘራች" ይባላል። ልጅ ሳትወልድ ቀርታ ፀጉሯ ሲሸብትም የኡሜኖ ሙሽራ ነበረች። ኡሜኖ ራሷ ተቀብራ አጥንቷ ከደረቀ በኋላም እንደዚያው።

ከቤቱ ጀርባ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አራት የዩዙ ዛፎች አሉ። ዩዙ ከብርቱካን የሚያንስ፣ ቆዳው የተጨማደደ ቢጫ ፍሬ ነው፤ እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፣ ሽታው ግን የሎሚን ሽታ ያስንቃል። በዚያ ተራራ ኅዳር ሲገባ ዩዙ የማይጨመቅበት ቤት የለም። ጭማቂው ከሶያ ሶስ ጋር ይደባለቅና ፖንዙ ይሆናል። ፖንዙ ዓሣ ላይ ይፈስሳል፣ ጎመን ይነከርበታል፣ ትኩስ ሩዝ ላይም ጠብ ይደረጋል። ማንም የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፤ ቀላል ስለሆነም ነው እያንዳንዱ ቤት የኔ ይበልጣል የሚለው።

የኡሜኖ ቤት ፖንዙ ግን በእውነትም ይበልጥ ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ያመነው ነገር ነው።

ሃትሱሚ በመጀመሪያው ኅዳሯ ከአማቷ ጎን ተንበርክካ ስትጨምቅ ያየችው ይህን ነው። ኡሜኖ ፍሬውን ወገቡ ላይ ለሁለት ትከፍለዋለች። ቆዳውን ወደ መዳፏ፣ ሥጋውን ወደ ላይ አድርጋ አንዴ ጭምቅ ታደርገዋለች። ጭማቂው በጣቶቿ መሃል፣ በቆዳው ላይ እየተንሸራተተ፣ የቆዳውን ሽታ ይዞ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ይወርዳል። አለቀ። ገና ውሃ የቋጠረው ፍሬ ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። ሃትሱሚ ያደገችው ጥራጊ እንኳ ከማይጣልበት ቤት ነውና ያ ሁሉ ጭማቂ ሲጣል አንጀቷ አልቻለም። አንዱን ከቅርጫቱ አንስታ ደግማ ጨመቀችው። ኡሜኖ የእጇን ጀርባ ጧ አደረገችው።

"ሁለተኛ! ከቆዳው ሥር ካለው ነጭ የሚወጣውን ማን ሊበላልሽ ነው? በሁለተኛው ጭመቃ ምሬቱ ይመጣል። ስትጨምቂው አይታወቅሽም፤ ከወር በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ነው የሚነቃው።"

"ይቅርታ፣ እማማ።"

"የድሃ እጅ ነው" አለች ኡሜኖ፣ ለሷ ሳይሆን ለፍሬዎቹ እንደምትነግር ሆና።

ከዚህ በላይ ያስተማረቻት ነገር የለም። መደባለቁ ላይ ሲደረስ፣ "ሙሽሪት፣ ዶሮዎቹን እዪልኝ" ትላትና በሩን ትዘጋለች። አሥራ ሁለት ኅዳር ሙሉ ሃትሱሚ ዶሮ አየች። ኡሜኖ አንድ የጥር ጠዋት በረዶ ስትጠርግ ወድቃ ሳትነሳ ስትቀር፣ ልኩ አብሯት ተቀበረ።

በቀብሩ ማግሥት የሾዞ ታላቅ እህት፣ ባሕር ዳርቻ ከተማ ያገባችው ያሱዮ፣ ሃትሱሚን ወጥ ቤት ውስጥ ይዛ አለቀሰች። "አደራሽን፣ የእናቴ ፖንዙ ከዚህ ቤት እንዳይጠፋ። ጠርሙሱ ላይም ስሟን ጻፊበት። ቢያንስ ስሟ ይግባልኝ።" ሃትሱሚም ለአንድ ዓመት መስሏት እሺ አለች።

የመጀመሪያው ዓመት ጨው ሆነ። ሁለተኛው ውሃ። በሦስተኛው ለጣዕም የሚነከረውን የባሕር ቅጠል ብዙ ቀን ዘፍዝፋው እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ። በልታ ጨረሰችው፣ ለማንም አልሰጠችም። በአራተኛው ዓመት ሾዞ ከግንድ ላይ የሚያበቅለውን እንጉዳይ አድርቃ ሁለት ሁለት ፍሬ ጨመረችበት፤ ኡሜኖ ይህን አድርጋ አታውቅም፣ ከሶያ ሶስ ጋር እንጉዳይ ሲጨመር ብታይ ኖሮ ጣሳውን ትደፋው ነበር። ጣፋጩን የሩዝ ጠጅ አፍልታ ስካሩን አበነነችው። የባሕሩን ቅጠልና የደረቀውን ዓሣ ፍቅፋቂ አንድ ሌሊት ብቻ አሳድራ አወጣች። በአምስተኛው ዓመት ከፍታ ስትቀምሰው ብቻዋን ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ሳቀች። ይህ የኡሜኖ አልነበረም። ከኡሜኖው ለስለስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የጫካ ሽታ ያለው፣ ሌላ ነገር ነበር።

ያሱዮ ጥር መግቢያ ላይ ለሚውለው አዲስ ዓመት መጥታ ቀመሰችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እናቴ! ራሷ እናቴ ናት!"

ጠርሙሱ ላይ ኡሜኖ ተብሎ ተጽፏል፤ የጻፈችውም ሃትሱሚ ራሷ ነች። በሚቀጥለውም ዓመት ጻፈች፤ በሚቀጥለውም። በየዓመቱ ሃያ አራት ጠርሙስ፣ ሃያ አራት ኡሜኖ።

የሞት ቀን ራሱ እንደ አንድ ተዝካር ስለሚቆጠር፣ የኡሜኖ ሠላሳ ሦስተኛ ተዝካር የሚውለው በሞተች በሠላሳ ሁለተኛው ጥር ነው። ከዚያ ወዲያ ተዝካር የለም። መነኩሴው ጸሎቱን አድርሶ የሟችን የስም ሰሌዳ ከቤቱ መሠዊያ ላይ አንስቶ ይወስደዋል፤ ሟች ከዚያ በኋላ በስሟ አትጠራም፣ ከቤቱ አያት ቅድመ አያቶች ጋር ትቀላቀላለች። ልቅሶው ተጨረሰ ማለት ስለሆነ በዚያ ቀን ዓሣ ይበላል፣ ሳኬ የሚባለው የሩዝ ጠጅ ይጠጣል፣ ይዘፈናልም።

ሃትሱሚ ይህን ቀን ስትቆጥር ኖራለች። ለማንም ተናግራ አታውቅም። ኡሜኖን ጠልታ አልነበረም፤ እንዲያውም ሲርባት አማቷ የመጨረሻዋን ቁራሽ ዓሣ ወደሷ ሳህን የገፋችበት ቀን ነበረ፣ ያንንም አልረሳችም። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚህ ቤት ከወጣው ነገር ሁሉ፣ አንዱ ላይ ስሟ ይጻፍ።

መስከረም ላይ ሾዞን ዓሣ ሲያጸዳ አገኘችውና፣ "ዘንድሮ የማንን ስም ልጻፍበት?" አለችው።

"የት?"

"ጠርሙሱ ላይ።"

"እናቴ ከጥር በኋላ አያቶቹ ጋ ትገባ የለ? የፈለግሽውን ጻፊ እንግዲህ።" ቀና እንኳ አላለም።

እሱ እንደዋዛ የጣለውን ቃል እሷ እንደ ፈቃድ ወሰደችው። ሳምንቱን ሙሉ የስም ወረቀት ቆረጠች።

ኅዳር በገባ በአራተኛው ቀን ከመሰላል ወደቀች። የዩዙ እሾህ እጅጌዋን ያዛት፣ ለማላቀቅ ስትል ሚዛኗን ሳተች፣ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ በጀሶ አስሮ ለስድስት ሳምንት ምንም እንዳትነካበት አላት።

"እኔ እጨምቀዋለሁ" አለ ሾዞ። በአርባ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ወጥ ቤት ገብቶ ሊሠራ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። ፍሬውን ለቅሞ ጨረሰና ቅዳሜ ዕለት ከእርሻ ዕቃ መደብር ረጅም እጀታ ያለው የብረት መጭመቂያ ይዞ መጣ።

"በእጅ ነው የሚጨመቀው" አለች ሃትሱሚ።

"በእጅ ለሦስት ቀን ከምንበረከክ? ዝም ብለሽ እዪ።"

እጀታውን ሲጫነው ፍሬው ቆዳ ብቻ ሆኖ እንደ ሳንቲም ተጠፍጥፎ ይወጣል። ሃትሱሚ ዓይኗን ጨፈነች።

"ሾዞ፣ አንዴ ብቻ ነው። ቀስ አድርገህ፣ አንዴ።"

"አንዴ ነው እኮ! ስንቴ ወረድኩ? ቁጠሪ፤ አንዴ!" አለና ደግሞ አንዱን ጠፈጠፈው። "ያንቺ እጅ ግማሹን ነበር የሚጥለው። እይው፣ ጎድጓዳው ሞልቶ ሌላ አምጪ እያለ ነው። እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር!"

"ትመታህ ነበር።"

ሾዞ ሳቀ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል። ሃትሱሚ ልታስቆመው ትችል ነበር። ሳህኑን ገልብጣ፣ ግማሹን ፍሬ አስቀርታ፣ ጎረቤት ጠርታ ማስጨመቅ ትችል ነበር። ግን አርባ አራት ዓመት "ርቦኛል" ከማለት በቀር ወጥ ቤቷ ውስጥ ቃል ያልተናገረ ሰው ለሷ ሲል እያላበው ነው። በአንድ እጇ ሶያ ሶሱን ለካች፣ እንጉዳዩን ጨመረች፣ አጠለለች፣ ሃያ አራቱን ጠርሙስ ሞላች።

ስም የሚለጠፈው ፖንዙው ወር አርፎ ከተቀመሰ በኋላ ነው። ያንንም ታውቃለች። ግን ወረቀቶቹ ተቆርጠው ነበር፣ የተሰበረውም ግራ እጇ ነበር። በዚያው ምሽት ቁጭ ብላ ጻፈች። ሃትሱሚ። ሃትሱሚ። ሃትሱሚ። ለጥፋ ስትጨርስ ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ደረደረቻቸውና መብራቱን ሳታጠፋ ትንሽ ቆመች።

በታኅሣሥ አጋማሽ ጀሶው በተፈታ ቀን አንዱን ከፍታ ቀመሰች። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ደስ አላት። ከዚያ ኮምጣጣው፣ ከዚያ እንጉዳዩ። ልትውጠው ስትል ምላሷ ሥር እንደ ኮሶ የሆነ ነገር ተነሣ፤ ውሃ ጠጥታበት እንኳ አልሄደም።

ለሾዞ አቀመሰችው።

"ትንሽ ይነክሳል" አለ። "ይረጋል። ለጥር ገና ወር አለው።"

"ምሬት አይረጋም። ሾዞ፣ ብንደፋውስ?"

"ምን? ያን ሁሉ ወገቤን የቆረጥኩበትን?" ኩርፊያው ሦስት ቀን ቆየ።

ካለፈው ዓመት ሦስት ጠርሙስ ተርፎ ነበር። በአንድ እጇ ያልተሠራ፣ በብረት ያልተጨመቀ፣ እንከን የሌለው የሷ ፖንዙ፤ ላዩ ላይ ኡሜኖ ተብሎ ተጽፎበታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሾዞ በሌለበት አንዱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ መላቀቅ ጀመረ። ኡሜኖን ልጣ ሃትሱሚን ልትለጥፍ ነበር። እጇ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። የሠራችው እሷ ነች፤ ግን ተዝካሯ ሊወጣላት ከተቃረበች አሮጊት ስም መግፈፍ ሆነባት። ጠርሙሱን አውጥታ ወረቀቱን በአውራ ጣቷ ተጭና መልሳ አጣበቀችው።

ለተዝካሩ ከዘጠኝ ቤት አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። መነኩሴው ጸሎቱን አደረሰ፣ የኡሜኖን ሰሌዳ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለ። ያሱዮ ጮክ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ገበታ ቀረበ። ሾዞ ግቢ ውስጥ ገለባ አንድዶ ዓሣውን ነበልባል ላይ ላዩን ብቻ ለብ ለብ አደረገው፤ ሃትሱሚ በወፍራሙ ከትፋ በትላልቅ ዝርግ ሳህን ደረደረችው፣ ነጭ ሽንኩርት በተነችበት። ሦስቱን የኡሜኖ ጠርሙሶች አቀረበች። የዘንድሮውን ዕቃ ቤት ቆልፋበት ነበር። ሦስቱ እንዲበቁ ሳህኖቹ ላይ ራሷ እየዞረች ጠብ ጠብ አደረገች።

"ኧረ ሙሽሪት፣ ዓሣው ዋኝቶ የኖረ ነው፣ ትንሽ አርጥቢው!" አለ የሾዞ አጎት ልጅ ጋሽ ቶራኪቺ፣ ሳኬው ጉንጩን አቅልቶት። ሰማንያ አልፎታል። "ኡሜኖ በሕይወት ሳለች ለኔ ስትሆን ጠርሙሱን ትደብቅ ነበር። ዛሬ እንኳ ቅድመ አያት ሆናለች፣ ማን ሊቆጣኝ ነው?"

ሰው ሳቀ። ሾዞም ስቆ ብድግ አለ። "ለጋሽ ቶራኪቺማ የዘንድሮ አለ! ሙሉ ዕቃ ቤት!" ቁልፉ የት እንደሚንጠለጠል ያውቃል። ሃትሱሚ ሳህን ይዛ ስለነበር ልትይዘው አልቻለችም። ሁለት ጠርሙስ አምጥቶ ገበታው መሃል ገጭ አደረጋቸው።

ያሱዮ አንዱን አንስታ ወረቀቱን አየች። ከዓይኗ አራቀችው፣ አቀረበችው።

"ሃትሱሚ? ይሄን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"እ።" ቀዳች። ቁራሽ ዓሣ ነክራ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች፣ እንደምንም ዋጠችው፣ የመብያ እንጨቷን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

"ሁለቴ ጨምቀሽዋል።"

የእናቷ ቃል ነበር፤ ድምፁም የእናቷ። ጋሽ ቶራኪቺ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። ሌሎቹም የተቀዳላቸውን ቀስ ብለው ወደ ጎን ገፉ። መነኩሴው ደግ ሰው ነውና፣ "ለመነኩሴ መራራ መልካም ነው፣ ሆድ ያጸዳል" ብሎ ጨዋታ ሊያደርገው ሞከረ፤ ሳቁ አጭር ሆነ።

ሃትሱሚ ሾዞን አየችው። በገበታው ሁሉ ፊት፣ በሙታን ቀን፣ ባሏን ልትከስ አትችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም። እሱ ግን አንድ ቃል ይበቃው ነበር። "እኔ ነኝ፣ በማሽን" ቢል ሰው ይስቅበትና ያልፍ ነበር። ሾዞ ከሳህኑ ላይ ነጭ ሽንኩርት ይለቅማል።

"አንተስ አልቀመስከውም?" አለችው እህቱ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሴት ሥራ" አለ ሾዞ። እጁን ሰደደና ሁለት ጣት ያህል የቀረበትን የኡሜኖ ጠርሙስ አንስቶ ሳህኑ ላይ አፈሰሰ።

"አየሽ፣ እሱም ያውቃል" አለች ያሱዮ። እንባዋ እንደገና መጣ። "እናቴ ዛሬ ከዚህ ቤት ወጣች፤ ጣዕሙም አብሯት ወጣ። ጥፋትሽ አይደለም፣ አንቺ የአቅምሽን ነው። የእናቴ እጅ ግን ሌላ ነው።"

"እትዬ" አለች ሃትሱሚ። "ያኛውም…"

"ያኛውም ምን?"

አሥራ ዘጠኝ ሰው ይመለከታታል። ሾዞ ቀና አላለም።

"ያኛውም ሊያልቅ ነው" አለች። "አንዱ አልተከፈተም። ይውሰዱት።"

ያሱዮ ያልተከፈተውን፣ ጠርዙ ላይ ወረቀቱ ትንሽ የተላቀቀውን ጠርሙስ፣ በመሐረብ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋው ሄደች።

እንግዳው ወደየቤቱ ይዞት የሚሄደው ስጦታ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሾዞ ነበር ያዘጋጀው፣ በየከረጢቱ አንዳንድ የዘንድሮ ጠርሙስ ጨምሮበት። ሃትሱሚ ይህን ያወቀችው እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ በር ልትዘጋ ስትወጣ ነው። ጫማ መደርደሪያው ላይ ሰባት ጠርሙስ ተደርድሯል። ሰዎቹ ከየከረጢታቸው አውጥተው፣ የረሱት እንዲመስል አድርገው፣ ትተውት ሄደዋል። ሰባቱም ላይ ስሟ ወደ ውጭ ዞሯል።

ሃያ ሙሉና ሁለት የተጀመሩ ጠርሙሶች ቀሩ። አልደፋቻቸውም።

በማግሥቱ ሾዞ ቁርስ ሲቀርብለት ከሩዙ አጠገብ አንዱን አገኘ። ምሳ ላይም ነበረ፣ እራት ላይም። ወረቀቱን ወደ እሱ አዙራ ታስቀምጠዋለች፣ ያ ብቻ ነው። የሰኔ ዝናብ ሲጀምር አራተኛውን ጨርሰው ነበር።

"ከሱቅ አንድ ብንገዛ?" አለ አንድ ቀን።

"ቤት ሙሉ እያለ?"

በነሐሴ ስምንተኛው ጠርሙስ ላይ ሲደርሱ የመብያ እንጨቱን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ጠርሙሱን አየ።

"ማሽኑ ነው አይደል?" አለ።

"ለኔ ነው የምትነግረኝ?" አለች ሃትሱሚ። "የእትዬ ያሱዮ ቁጥር ስልኩ ሥር ተለጥፏል።"

ሾዞ ወደ ስልኩ አየ። ስልኩ ከተቀመጠበት ሦስት እርምጃ ነው።

"አሁን ካለፈ በኋላ ምን ይባላል" አለና ሩዙን ሳበ።

ኅዳር ገባ። ሃትሱሚ የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ለቅማ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ የሚሞላ ያህል ጨመቀች፤ በእጇ፣ አንዴ፣ ቆዳውን ወደ መዳፏ አድርጋ። ምንም አልጻፈችበትም። ከሩዙ ዕቃ ጀርባ አስቀመጠቻት፤ ሾዞ ቀበሌ በሚሄድባቸው ቀናት ልትበላባት ነው። የቀረው ፍሬ ዛፉ ላይ ቢጫ ሆኖ ውሎ ወፍ በላው።

በወሩ መጨረሻ፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ ስልክ ጮኸ። ሾዞ አነሣ።

"አቤት፣ እታለም… ደህና ነን… እሷም ደህና ናት።" ከዚያ ብዙ አዳመጠ። ሃትሱሚ ሩዝ መጭለፊያውን ይዛ ቆመች። ሾዞ አንዴ ወደሷ ዞረ፣ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። "እሺ… እሺ እታለም… እነግራታለሁ።"

አስቀመጠው።

"ምን አሉ?"

"ዘንድሮ እንዳትለፊ ነው የምትለው። ከእናታችን ፖንዙ አንድ ጣት የምታህል ቀርታለች፣ ለአዲስ ዓመት እሷን አሸታለሁ አለች።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን?"

ሃትሱሚ ዕቃ ቤት ሄዳ አሥራ ሦስተኛውን ጠርሙስ አመጣች። አቧራውን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ስሟን ወደ ባሏ አዙራ ገበታው ላይ አስቀመጠችው።

"ብላ" አለችው። "ገና ብዙ አለ።"